ከደጃፍ እስከ መድረክ፦ የፒያሳ የኪነ ጥበብ ቤቶችና የአካል ጉዳተኞች ተደራሽነት

የአዲስ አበባ የቴአትርና የሲኒማ ታሪክ ከአራዳና ከፒያሳ ተነጥሎ አይነገርም። በ1927 ዓ.ም. ከተመሠረተው የሀገር ፍቅር ማኅበር የተወለደው ሀገር ፍቅር ቴአትር፣ በ1957 ዓ.ም. ተመርቆ የተከፈተው ማዘጋጃ ቤት ከነቴአትር አዳራሹ፣ ትውልድ ያስታወሳቸው ሲኒማ ኢትዮጵያና ሲኒማ አምፒር፣ በቅርቡም በየካቲት 2016 ዓ.ም. የተመረቀው የዓድዋ ድል መታሰቢያ የሚገኙት ወይም የነበሩት በዚሁ አካባቢ ነው። የእነዚህ ቤቶች የቅርብ ጎረቤት ከነበሩት ጥንታዊ ሰፈሮች አንዱ ዶሮ ማነቂያ ነበር። ሰፈሩ በ2016 ዓ.ም. በኮሪደር ልማቱ ምክንያት ተነሥቶ፣ ነዋሪዎቹ ወደ ሌሎች የከተማዋ አካባቢዎች ተዛውረዋል፤ ቦታውና ዙሪያውም አዲስ መልክ እየያዘ ይገኛል።

አንድ አካባቢ ከመሠረቱ በሚታደስበት ጊዜ የሚወሰኑ ውሳኔዎች ለብዙ ዐሥርት ዓመታት ይጸናሉ። ዛሬ በድንጋይ የተሠራ ደረጃ ነገ በቀላሉ አይነሣም፤ ዛሬ በዕቅድ ውስጥ ያልገባ አሳንሰርም ነገ ሕንፃ ካልተሰበረ አይገባም። ስለዚህ «በታደሰው ፒያሳ ቴአትር ለማየት፣ ሙዚየም ለመጎብኘት፣ መጽሐፍ ለማንበብ የሚችለው ማን ነው?» የሚለው ጥያቄ አሁን መነሣቱ ተገቢ ነው። ጥያቄው በተለይ በተሽከርካሪ ወንበር የሚንቀሳቀሱ፣ ዓይነ ስውራን፣ መስማት የተሳናቸውና የአእምሮ እድገት ውስንነት ያለባቸው ዜጎችን ይመለከታል።

ሕጉ ምን ይላል?

የኢትዮጵያ ፌዴራላዊ ዲሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 41 ንዑስ አንቀጽ 5 መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን የአካልና የአእምሮ ጉዳት ያለባቸውን ዜጎች ለማቋቋምና ለመርዳት ሀብት እንዲመድብ ይደነግጋል። በዚያው አንቀጽ ንዑስ አንቀጽ 9 ደግሞ መንግሥት የባህልና የታሪክ ቅርሶችን የመንከባከብ፣ ለሥነ ጥበብና ለስፖርት መስፋፋትም አስተዋጽኦ የማድረግ ኃላፊነት እንዳለበት ተመልክቷል። ሁለቱ ድንጋጌዎች በአንድ አንቀጽ ሥር የተቀመጡ ቢሆንም፣ በአሠራር ግን ተለያይተው ኖረዋል። የመጀመሪያው የማኅበራዊ ጉዳይ መሥሪያ ቤቶች፣ ሁለተኛው የባህል መሥሪያ ቤቶች ሥራ ተደርጎ ሲታይ ቆይቷል።

ሁለቱን በግልጽ የሚያገናኘው እ.ኤ.አ. በ2006 የጸደቀው የተባበሩት መንግሥታት የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት ነው። ኢትዮጵያ ስምምነቱን በአዋጅ ቁጥር 676/2002 አጽድቃለች፤ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 9 ንዑስ አንቀጽ 4 መሠረትም የጸደቀ ዓለም አቀፍ ስምምነት የሀገሪቱ ሕግ አካል ነው። የስምምነቱ አንቀጽ 30 አካል ጉዳተኞች ከሌሎች ጋር በእኩልነት በባህላዊ ሕይወት የመሳተፍ መብት እንዳላቸው ይገልጻል። ይህም ቴአትርን፣ ፊልምንና የቴሌቪዥን ዝግጅትን በሚረዱት መልክ ማግኘትን፣ ወደ ቴአትር ቤት፣ ሙዚየም፣ ሲኒማና ቤተ መጻሕፍት መግባትን፣ የፈጠራ ችሎታን ማዳበርን፣ የምልክት ቋንቋና መስማት የተሳናቸው ሰዎች ባህል ዕውቅና ማግኘትን ያካትታል።

ስለ ሕንፃ ደግሞ በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001 በአንቀጽ 36 መርሁን አስቀምጧል። ማንኛውም የሕዝብ መገልገያ ሕንፃ በተሽከርካሪ ወንበር ለሚጠቀሙና ደረጃ መውጣት ለማይችሉ ሰዎች የሚመች መግቢያ ሊኖረው ይገባል፤ መጸዳጃ ቤት በሚያስፈልግበት ሕንፃም ለእነርሱ የሚስማማ በቂ መጸዳጃ መዘጋጀት አለበት። እንግዲህ በኪነ ጥበብ ቤት ደጃፍ ላይ የሚቀርበው ጥያቄ የችሮታ ጥያቄ ሳይሆን የመብት ጥያቄ ነው።

ከመኖሪያ እስከ አዳራሽ

ተደራሽነት ሰንሰለት ነው፤ አንድ ቀለበት ከተበጠሰ የቀሩት አይጠቅሙም። የመጀመሪያው ቀለበት መረጃ ነው። የቴአትር ማስታወቂያ በግድግዳ ላይ በሚለጠፍ ሥዕላዊ ወረቀት ብቻ ከወጣ ዓይነ ስውሩ አያገኘውም፤ በሬዲዮ ብቻ ከተነገረም መስማት የተሳናት ተመልካች አትሰማውም። በማኅበራዊ መገናኛ ገጾች የሚለቀቅ ማስታወቂያም በምስል ውስጥ የተጻፈ ፊደል ብቻ ከሆነ፣ የስልክ ማያ አንባቢ መተግበሪያ አያነበውም። ከምስሉ ሥር ጊዜውን፣ ቦታውን፣ ዋጋውንና የመግቢያውን ሁኔታ በተራ ጽሑፍ መድገም ያለ ምንም ወጪ የሚሠራ ማሻሻያ ነው።

ሁለተኛው ቀለበት ጉዞ ነው። ቀድሞ በዶሮ ማነቂያና በአጎራባች ሰፈሮች ይኖር የነበረ ሰው ወደ ሀገር ፍቅር ወይም ወደ ማዘጋጃ ቤት የሚሄደው በእግሩ ነበር። ለአካል ጉዳተኛ ነዋሪ ይህ ቅርበት የተለየ ትርጉም ነበረው፤ መንገዱ ምንም እንኳ ጠባብና ወጣ ገባ ቢሆን የሚያውቀው መንገድ ነበር፣ እጁን የሚይዘው ጎረቤትም ከደጁ አይርቅም። ወደ ከተማዋ ዳር ለተዛወረ ሰው ግን ያው አዳራሽ ዛሬ የአንድና የሁለት ትራንስፖርት ጉዞ ይጠይቃል። የምሽት ዝግጅት ሲያበቃ ወደ ቤት መመለሻ አለማግኘት፣ ከደረጃው ይልቅ ሰውን ከቤቱ የሚያስቀር ሊሆን ይችላል። በመሆኑም ዝግጅትን በቀን ሰዓት ጭምር ማቅረብ፣ የተሽከርካሪ መውረጃን በመግቢያው አጠገብ ማዘጋጀት፣ ዝግጅቶችንም ወደ አዳዲስ የመኖሪያ መንደሮች ይዞ መሄድ የባህል ተቋማት የፕሮግራም ሥራ አካል ሊሆኑ ይገባል።

በኮሪደር ልማቱ የእግረኛ መንገዶች መስፋታቸው ለተሽከርካሪ ወንበር ተጠቃሚዎች ሁነኛ ለውጥ ነው። ለዓይነ ስውራን የሚዳሰስ የመንገድ ላይ መስመር ሲዘረጋም መስመሩ እስከ ተቋሙ ደጃፍ መድረስና ነጻ ሆኖ መጠበቅ አለበት። በመስመሩ ላይ የቆመ ሞተር ብስክሌት፣ የተተከለ ምሰሶ ወይም የተዘረጋ ወንበር ካለ መሪው መስመር ራሱ አደጋ ይሆናል።

ከደጃፍ እስከ ወንበር

የፒያሳ አቀማመጥ ተዳፋት ነው፤ ብዙዎቹ ነባር ሕንፃዎችም ከመንገዱ ከፍ ብለው የተሠሩና ባለ ደረጃ ናቸው። መወጣጫ ራምፕ መሥራት ቀላል ቢመስልም ልክ አለው። በብዙ አገሮች የሚሠራበት መለኪያ ለአንድ ሜትር ከፍታ ዐሥራ ሁለት ሜትር ርዝመት ነው። እያንዳንዱ 15 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ያለው ሦስት ደረጃ ብቻ ቢኖር፣ ከፍታው 45 ሴንቲ ሜትር ስለሚሆን ራምፑ 5.4 ሜትር ርዝመት ያስፈልገዋል። ከዚህ ያጠረና ቀጥ ያለ ራምፕ በወረቀት ላይ «ተሠርቷል» ቢባልም ተጠቃሚው ብቻውን ሊወጣው አይችልም፤ ሲወርድም ሊጥለው ይችላል።

በቅርስነት የተመዘገቡ ሕንፃዎች ተጨማሪ ጥንቃቄ ይጠይቃሉ። በቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት በቅርስ ላይ የጥገናና የእድሳት ሥራ ለማከናወን አስቀድሞ የሚመለከተውን ባለሥልጣን ፈቃድ ማግኘት ያስፈልጋል። ይህ ድንጋጌ አንዳንድ ጊዜ «ቅርስ ስለሆነ ምንም ሊደረግ አይችልም» ለሚል ምላሽ ሽፋን ይሆናል። ነገር ግን የሕንፃውን ገጽታ ሳይነኩ የሚተከልና የሚነሣ መወጣጫ ማዘጋጀት፣ ደረጃ የሌለበትን የጎን በር ለተመልካች ክፍት ማድረግ፣ የትኬት መሸጫውን መስኮት ዝቅ ወዳለ ቦታ ማዛወር ይቻላል። ፈቃድ ማስፈለጉ ሥራው በባለሙያ እንዲመራ እንጂ እንዲቀር አያደርግም።

ከደጃፉ በኋላ ወንበሩ ይመጣል። በተሽከርካሪ ወንበር የመጣ ተመልካች በመተላለፊያ መካከል ወይም ከኋላ ጥግ እንዲቀመጥ ማድረግ ለእሱም ሆነ በአደጋ ጊዜ ለሌሎች አይበጅም። ከመደበኛው ረድፍ ጥቂት ወንበሮችን አንሥቶ ከቤተሰቡ ጋር ጎን ለጎን የሚቀመጥበትን ቦታ ማዘጋጀት የተሻለ ነው። መጸዳጃ ቤቱም ያው ነው፤ በሩ ከተሽከርካሪ ወንበሩ ከጠበበ፣ ወይም ክፍሉ የዕቃ ማከማቻ ሆኖ ከተቆለፈ፣ ሰውየው የሁለት ሰዓት ቴአትር ለማየት ውኃ ሳይጠጣ መዋል ይኖርበታል።

ከመድረክ እስከ ተመልካች

ብዙውን ጊዜ ተደራሽነት በራምፕ ይጀምርና በራምፕ ያበቃል። ይሁን እንጂ ለዓይነ ስውሩና መስማት ለተሳናት ተመልካች ትልቁ ደረጃ ያለው በመድረኩና በወንበሩ መካከል ነው።

ኢትዮጵያ በዚህ ረገድ ከባዶ አትነሣም። የቅኔና የዜማ ትምህርት ለዘመናት በጆሮና በቃል ጥናት ሲተላለፍ የኖረ በመሆኑ፣ ዓይነ ስውራን ተማሪዎች ብቻ ሳይሆኑ መምህራንና ሊቃውንት ሆነውበታል። በሕፃንነታቸው የዓይናቸውን ብርሃን ያጡት አለቃ አያሌው ታምሩ እስከ ሊቃውንት ጉባኤ ሰብሳቢነት መድረሳቸው የዚሁ ማሳያ ነው። በዘመናዊው መገናኛ ብዙኃንም ወጋየሁ ንጋቱ የሐዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» በኢትዮጵያ ሬዲዮ «ከመጻሕፍት ዓለም» ዝግጅት በተረከ ጊዜ፣ መጽሐፉ ማንበብ ለሚችለውም ለማይችለውም፣ ለሚያየውም ለማያየውም እኩል ደርሷል። ዝግጅቱ «ለአካል ጉዳተኞች» ተብሎ የተለየ አልነበረም፤ አድማጩ ሁሉ የወደደው ሥራ በመሆኑ ነው የሰመረው።

ለዓይነ ስውር ተመልካች በቴአትር ቤት የሚሰጠው ዋናው አገልግሎት የድምፅ ገለጻ ነው። አንድ ባለሙያ በንግግሮች መካከል በሚኖረው ዝምታ የሚታየውን በአጭሩ ይናገራል፤ ተመልካቹም በጆሮ ማዳመጫ ይከታተላል። መሣሪያው በማይኖርበት ጊዜ እንኳ ትዕይንቱ ከመጀመሩ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ በፊት መድረኩን፣ አልባሳቱንና ገጸ ባሕርያቱን ማስረዳት፣ ተዋንያኑም በየድምፃቸው ራሳቸውን እንዲያስተዋውቁ ማድረግ ይቻላል። ንግግር በሚበዛበት በአማርኛ ቴአትር ይህ አጭር መግቢያ ብቻውን ብዙ ይሸፍናል።

በሙዚየም ደግሞ «አይነካም» የሚለው ጽሑፍ ለዓይነ ስውር ጎብኚ ከተዘጋ በር አይለይም። እ.ኤ.አ. በ1993 በጣሊያን አንኮና ከተማ የተመሠረተው ኦሜሮ ሙዚየም የታላላቅ ቅርጻ ቅርጾችን ቅጂዎች በእጅ ዳስሶ ለመጎብኘት አስችሏል፤ የስፔኑ ፕራዶ ሙዚየምም እ.ኤ.አ. በ2015 የታዋቂ ሥዕሎችን ጎልተው የሚዳሰሱ ቅጂዎች አቅርቦ ነበር። እንደ ዓድዋ ድል መታሰቢያ ላሉ ተቋማት ይህ አሠራር እጅግ የሚስማማ ነው። የጋሻ፣ የጎራዴና የነጋሪት ቅጂ፣ የጦር ሜዳውም ተራሮች በትንሹ ተቀርጸው በአንድ ገበታ ላይ ቢቀመጡ፣ ዓይነ ስውር ተማሪ የድሉን ታሪክ በእጁ ሊያነበው ይችላል፤ ሌሎች ሕፃናትም ተሻምተው እንደሚዳስሱት ጥርጥር የለውም።

መስማት ለተሳናቸው ተመልካቾች የምልክት ቋንቋ አስተርጓሚ ማቆም ብቻውን በቂ አይሆንም። አስተርጓሚው ጽሑፈ ተውኔቱን ከሳምንታት በፊት ሊያገኝና ከተዋንያኑ ጋር ሊለማመድ ይገባዋል፤ ቅኔና ምሳሌያዊ አነጋገር በቅጽበት አይተረጎምምና። መብራቱ ሲደበዝዝ አስተርጓሚው በጨለማ እንዳይዋጥ የራሱ ብርሃን ያስፈልገዋል፤ ለተጠቃሚዎቹም መድረኩንና አስተርጓሚውን በአንድ ዕይታ የሚያዩበት ረድፍ ሊያዝላቸው ይገባል። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2008 በኢትዮጵያ ምልክት ቋንቋና መስማት የተሳናቸው ሰዎች ባህል የመጀመሪያ ዲግሪ ትምህርት መጀመሩ ለዚህ የሚሆን የሰው ኃይል በአገር ውስጥ መኖሩን ያሳያል።

በፊልም በኩል ያለው ሁኔታ ትኩረት የሚስብ ነው። በርካታ የውጭ ፊልሞች በሥራቸው ጽሑፍ ይዘው ሲቀርቡ፣ የአማርኛ ፊልሞች በአብዛኛው የአማርኛ ጽሑፍ የላቸውም። በዚህም ምክንያት መስማት የተሳነው ኢትዮጵያዊ ከአገሩ ፊልም ይልቅ የባዕዱን ፊልም በቀላሉ የሚከታተልበት ጊዜ አለ። ጽሑፈ ተውኔቱ አስቀድሞ ስላለ ንግግሩን በሥር ጽሑፍ ማውጣት ከጠቅላላው የፊልም ወጪ አንጻር አነስተኛ ሥራ ነው። ሆኖም የትምህርት ዕድል ያላገኙ መስማት የተሳናቸው ዜጎች ስላሉ ጽሑፉ የምልክት ቋንቋን ሙሉ በሙሉ አይተካም።

ለንባብ ባህል ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2013 የተፈረመው የማራካሽ ስምምነት አንድ ትልቅ መሰናክል አንሥቷል። ስምምነቱ ዓይነ ስውራንና የታተመ ጽሑፍ ማንበብ የሚቸገሩ ሌሎች ሰዎች የሚጠቀሙባቸውን የብሬል፣ የድምፅና መሰል ቅጂዎች የባለመብቱን ፈቃድ ሳይጠይቁ ማዘጋጀትና ከአገር ወደ አገር መለዋወጥ የሚቻልበትን ሥርዓት ያስቀምጣል፤ ኢትዮጵያም እ.ኤ.አ. በ2020 አባል ሆናለች። ሕጉ በሩን ከከፈተ፣ ቀሪው የቤተ መጻሕፍትና የአሳታሚዎች ሥራ ነው።

ተመልካች ብቻ ሳይሆን ባለሙያ

የስምምነቱ አንቀጽ 30 አካል ጉዳተኞች የፈጠራ ችሎታቸውን የሚያዳብሩት ለራሳቸው ጥቅም ብቻ ሳይሆን ኅብረተሰቡንም ለማበልጸግ እንደሆነ ይናገራል። በአዲስ አበባ የአዱኛ የማኅበረሰብ ዳንስ ቴአትር አካል ጉዳተኛ የሆኑና ያልሆኑ ዳንሰኞችን በአንድ መድረክ በማሠራት ይህ እንደሚቻል አሳይቷል። ብዙ አዳራሾች ለተመልካች መወጣጫ ሲሠሩ የመድረኩንና የልብስ መቀየሪያ ክፍሎችን ደረጃ ይረሳሉ። እንዲህ ያለው ሕንፃ አካል ጉዳተኛውን በተመልካችነት ብቻ አስቀድሞ ይመድበዋል።

«የሚመጣ የለም» የሚለው ክርክር

ተደራሽነት ሲነሣ ከተቋማት በኩል በተደጋጋሚ የሚሰማው ምላሽ «እስከ አሁን የመጣ አካል ጉዳተኛ ተመልካች የለም» የሚል ነው። ይህ ክርክር ውጤቱን ምክንያት ያደርጋል፤ ሰው የማይመጣው መግባት ስለማይችል ሆኖ ሳለ፣ አለመምጣቱ በሩን ላለማስተካከል ማስረጃ ተደርጎ ይቀርባል። የቁጥር መረጃም በዚሁ ስሕተት ላይ ሊጥል ይችላል። በ1999 ዓ.ም. የተካሄደው የሕዝብና ቤት ቆጠራ የአካል ጉዳተኞችን ድርሻ ወደ 1 በመቶ ገደማ ሲያሳይ፣ የዓለም ጤና ድርጅት ከዓለም ሕዝብ 16 በመቶ ያህሉ፣ ማለትም 1.3 ቢሊዮን ሰው፣ ከፍተኛ የአካል ጉዳት እንዳለበት ይገምታል። እንዲህ ያለ ሰፊ ልዩነት የአጠያየቅ ዘዴ ልዩነትና አካል ጉዳትን የመደበቅ ልማድ የሚፈጥሩት ነው እንጂ፣ ኢትዮጵያ ከሌላው ዓለም የተለየች መሆኗን አያሳይም።

ሌላው ልማድ ተደራሽነትን ለአንድ ቀን መወሰን ነው። በየዓመቱ እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 3 በሚከበረው የአካል ጉዳተኞች ቀን አስተርጓሚ ይቆማል፣ መወጣጫ ይዘጋጃል፣ የክብር ወንበር ይያዛል፤ በማግስቱ ግን አዳራሹ እንደ ቀድሞው ይሆናል። በወር አንድ ጊዜ፣ ቀኑና ሰዓቱ አስቀድሞ የታወቀ፣ ሳይቋረጥ የሚቀርብ ተደራሽ ዝግጅት ከአንድ ቀን ደማቅ በዓል የበለጠ ተመልካች ያፈራል። ሰው ልማድ የሚያደርገው የሚተማመንበትን ነገር ነውና።

ተገልጋዮች ሊያውቋቸው የሚገቡ ነጥቦች

ተቋማቱን የሚያስተዳድረው አካል የተለያየ መሆኑን ማወቅ ጥያቄን በትክክለኛው ቦታ ለማቅረብ ይረዳል። ሀገር ፍቅር ቴአትርና የማዘጋጃ ቤቱ የቴአትር አዳራሽ በአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር ሥር ሲሆኑ፣ የኢትዮጵያ ብሔራዊ ቴአትር የፌዴራል ተቋም ነው። በዚህ መሠረት ተገልጋዮች የሚከተሉትን ማድረግ ይችላሉ፦

• ትኬት ከመግዛታቸው በፊት የመግቢያውን፣ የወንበሩን፣ የመጸዳጃ ቤቱንና የአስተርጓሚ አገልግሎቱን ሁኔታ ተቋሙን መጠየቅ፤

• አገልግሎቱ ከሌለ የሚያስፈልጋቸውን ነገር ለይተው ለተቋሙ ኃላፊ በጽሑፍ ማቅረብና የደረሰበትን ቀን የሚያሳይ ቅጂ መያዝ፤ መጻፍ ለማይችሉም በቃል የቀረበው አቤቱታ በተቋሙ እንዲመዘገብ መጠየቅ፤

• ምላሽ ካላገኙ በከተማ አስተዳደሩ ሥር ላሉ ተቋማት ለባህል፣ ኪነ ጥበብና ቱሪዝም ቢሮ፣ እንዲሁም በየወረዳውና በየክፍለ ከተማው ለሚገኙ የሴቶች፣ ሕፃናትና ማኅበራዊ ጉዳይ ጽሕፈት ቤቶች ማመልከት፤

• የአስተዳደር በደል ሲደርስ ለኢትዮጵያ ሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም፣ የመብት ጥሰት ሲኖር ለኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽን አቤቱታ ማቅረብ፤

• በግል ከመጠየቅ በተጨማሪ በ1952 ዓ.ም. እንደተመሠረተው የኢትዮጵያ ዓይነ ስውራን ብሔራዊ ማኅበር ባሉ የአካል ጉዳተኞች ማኅበራት አማካይነት በጋራ መጠየቅ።

ተቋማት በበኩላቸው አዲስ ግንባታም ሆነ እድሳት ከመጀመራቸው በፊት የአካል ጉዳተኞች ማኅበራትን ማማከር ይጠበቅባቸዋል። በንድፍ ላይ የተሳለ ደረጃ በላጲስ ይጠፋል፤ ከተገነባ በኋላ ግን በጀትና መዶሻ ይፈልጋል። በፒያሳና በቀድሞው ዶሮ ማነቂያ ዙሪያ ገና በንድፍ ላይ ላሉ ሥራዎች ይህ ዕድል አሁንም አለ።